ከልብስ ማጠቢያው ጓዳ የወጣችው ጊታር

ጥር 9

የሦስተኛው ጊታር ብሪጅ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ሐሙስ ጠዋት ተላቅቆ ወለል ላይ ተገኘ።

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት፣ ሰላምታው ረዝሞ እንደ በፊቶቹ ደብዳቤዎቼ ወሬውን እንዳይውጠው ብዬ ነው። አሁን በሥርዓቱ፦ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለው? እትዬስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ሠርተው ስለላኩልን ሦስት ጊታሮች ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች «ጊታሮቹ ደህና ናቸው፣ ተማሪዎቹም ወደዋቸዋል» ብዬ ነበር። መውደዳቸው እውነት ነው። ደህና ናቸው ያልኩት ግን ውሸት ነው። እዚህ ወደብ ከተማ በደረሱ በአምስተኛው ሳምንት የሦስቱም ሆድ መነፋት ጀመረ። ፊታቸው ከብሪጁ በታች አብጧል፤ ማስመሪያ ሳስቀምጥበት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሆዱ ሲነሣ ክሩም አብሮ ተነሣ። በአንገቱ መሐል ላይ ክሩ ከጣውላው አምስት ሚሊሜትር ርቋል፤ ሲመጡ ሁለት ተኩል ነበር። ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ ነርስ ናት። «መምህርት፣ ይህን ክር የሚጫን ጣት ያለው የወደቡ ክሬን ብቻ ነው» አለችኝ። ክሬኑን የሚነዳው ሰውዬ ከኋላዋ ተቀምጦ ነበር፤ «እኔም ሞክሬው አቅቶኛል» አላት።

ክሮቹ የሚያርፉባትን የአጥንት ቁራጭ በሞረድ እየሞረድኩ ዝቅ ሳደርግ ከረምኩ። አጥንቷ አለቀች። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ብሪጁ ራሱ ለቀቀ። ሥሩ ያለው ሙጫ ለስልሶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ለምን እንደደበቅኩዎት ልንገርዎት። እናቴ የአጎትዎ ልጅ ከመሆኗ በቀር የምንሰጥዎት ነገር ሳይኖር፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ ጊታር ሠርተው እጄ ላይ ያኖሩልኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ የምኖርበት ሙያ ከዚያች ጊታር የመጣ ነው። ለእርስዎ ብዕር የማነሣው ለምስጋና ነበር፤ ለሌላ ነገር ማንሣት ከበደኝ።

ትምህርት ቤቱ ሦስቱን ያዘዘው በእኔ ቃል ነው። ርዕሰ መምህሩ እስካሁን ምንም አላሉም። የተላቀቀውን ብሪጅ ግን ጠረጴዛቸው ላይ የወረቀት መጫኛ አድርገውታል።

ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው።

ልጅዎ
ጩኸቴ


የካቲት 28

ለልጄ ለጩኸቴ፤

ሰላምና ጤና ካለሽበት አይራቅ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ሰው አመል ነው፤ አንድ ቀን ይስማማኛል፣ አንድ ቀን ይጣላኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆኗል። መልሱን አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ውሃ አፍስሳችሁበት ይሆናል» ይላል። ሁለተኛው «ፀሐይ ላይ አስጥታችሁት ይሆናል» ይላል። የቀሩት ሁለቱ ከዚህም ይብሳሉ። በልጅነትሽ ጩኸቴ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ ልጅ አራት ወር ሙሉ ዝም ማለቷም አናዶኝ ነበር። ይህ አምስተኛው ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ «እንጨት በደረቀ ቁጥር ሰው ይሆናል» ይለኝ ነበር፤ እኔም በዚሁ ኖርኩ። ጊታሮቹ እርጥብ አገር እንደሚሄዱ ስትነግሪኝ፣ እንግዲያው ስንቅ ይያዙ ብዬ፣ ስድስት ዓመት የደረቀውን ሳንቃ ከምድጃው በላይ ሌላ ሦስት ወር ሰቀልኩት። እርጥበቱን ይችሉልኛል ብዬ ነው። የሠራሁት ግን በውሃ ጥም የተቃጠለ ሰው ወንዝ ዳር አውርዶ «እንዳትጠጣ» እንደማለት ነው። ጠጡ፤ ሆዳቸው ተነፋ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጊታር ሠርቻለሁ። ጊታሬን የወሰደ ሰው ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው ወይ ሊያመሰግን ወይ ክር ሊያስቀይር ነው። «ሥራህ ታሞብኛል» ብሎ የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ያልታመመ መስሎኝ ኖርኩ። አንቺ ነገርሽኝ። አመሰግንሻለሁ፤ አምስት ሳምንት የፈጀብኝ ይህን ቃል መጻፍ ነው።

አሁን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንዱ የአየር እርጥበት መለኪያ ነው፤ እዚህ ፈልጌ አጣሁት። ሁለተኛው የክፍላችሁን ቁጥር በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት መዝግበሽ እንድትልኪልኝ ነው። በስልክ አይሁን፤ በስልክ የሰማሁትን እረሳለሁ፣ የተጻፈልኝን ግን ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ።

ሌላም ወሬ አለ። በርና መስኮት የሚሠራው ጎረቤቴ ወርክሾፔን እንዳስረክበው ጠይቆኛል። ከአንቺ ሦስት ጊታሮች ወዲህ አንድም ጊታር ያዘዘኝ ሰው የለም፤ በር የማይፈልግ ግን የለም። «አንተም ከእኔ ጋር ትሠራለህ፣ ሥራው ቀጥ ያለ ነው፣ ጎባጣ ነገር የለውም» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ለእትዬሽም አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ጋሼሽ


መጋቢት 16

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እድሜ ይስጥልኝ፤ ቤቴ ድረስ ያመጣሁት ጭንቀት ወረደልኝ።

መለኪያውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ያለፈው ሳምንት የክፍላችን ቁጥር ይህን ይመስላል፦ ጠዋት 84፣ 83፣ 86፣ 84፣ 85፤ ከሰዓት 77፣ 74፣ 79፣ 76፣ 78። ይህ በጋችን ነው። ዝናቡ ሲገባ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል።

ርዕሰ መምህሩ ትናንት ቢሯቸው ጠሩኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ አሥራ አራት ጊታር ያስፈልገናል። ከፋብሪካ የሚመጣ የፕላስቲክ ጊታር አይተዋል፤ «ዝናብ ላይ ቢያሳድሩትም ግድ የለውም» አሉኝ። «ድምፁስ?» አልኳቸው። «ድምፁ ባልዲ ነው» አሉ። ሐቀኛ ሰው ናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው በዚህ ነው፦ እርስዎ አንድ ጊታር ሠርተው ይልካሉ። ዝናቡ ሳይጀምር ክፍሉ ውስጥ ይሰቀላል፤ ዝናቡ ሲወጣ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ይለኩታል። የክሩ ከፍታ ከሦስት ሚሊሜትር ተኩል ካላለፈና ብሪጁ ካልለቀቀ አሥራ አራቱንም ከእርስዎ ያዝዛሉ። ካለፈ ባልዲው ይመጣል። አሥራ አራት ጊታር የሁለት ዓመት ሥራ አይደለም? በር ሠሪውን እስከዚያ ያቆዩት።

አሁን ደግሞ የሚያስቀይምዎትን ልንገርዎት። የለቀቀውን ብሪጅ ተውሼ ወደ ወደብ ወረድኩ። እዚያ አንድ የጀልባ አናጺ አለ፤ ሲያናግሩት ከሥራው ቀና አይልም። ብሪጁን አሸተተና «የቆዳ ሙጫ» አለ።

«አዎ» አልኩት።

«በዚህ ጀልባ ብሠራ ኖሮ እስካሁን አሣ በልቶኝ ነበር።»

«ሙጫው መጥፎ ነው እያልከኝ ነው?»

«ጎበዝ ሙጫ ነው። ግን የደረቅ አገር ሰው ነው፤ እዚህ ሲመጣ ያልበዋል።»

ከዚያ እሱ የሚሠራበትን ሙጫ ሰጠኝ። ሁለት ቱቦ ነው፤ እኩል ተቀላቅሎ ይደርቃል። ክፈይ አላለኝም። «ሰውየው አይወደውም፣ ቢሆንም ላኪለት» አለኝ። ይኸው ልኬዋለሁ።

ልጅዎ
ጩኸቴ


ሚያዝያ 2

ለጩኸቴ፤

ዕቃው ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። መለኪያው ወርክሾፔ ውስጥ 33 አለ። ሌላ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፤ 32 አለ። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት ማገዶ ነው ሳደርቅ የኖርኩት።

ስለ ሙጫው፦ ሰፈሩ «ሙጫው» እያለ የሚጠራኝ በከንቱ አይደለም። የቆዳ ሙጫ በእሳት ዳር ሳማስል ያደግኩ ሰው ነኝ። የጀልባ ሰው በቱቦ ሊያስተምረኝ አይገባም። ቱቦዎቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ለጊዜው ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 24

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

እንዴት ከረሙ? የዚህን ሳምንት ቁጥር ልኬያለሁ፦ ጠዋት 85፣ 87፣ 86፤ ከሰዓት 79፣ 80፣ 78። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቁጥሩን ግን ቢቀየሙኝም መላኬን አልተውም።

ጩኸቴ


ግንቦት 6

ለውድ ልጃችን፤

የምጽፍልሽ እኔ እትዬሽ ነኝ። ጋሼሽ የላክሽውን ቁጥር ሁሉ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ ነው፣ አልተቀየመሽም። መልስ የማይጽፈው የሚጽፈው ስለጠፋው ነው።

ጓዳዬን እርጥብ ክፍል አድርጎታል። አንሶላዎቼን ሁሉ ውሃ ውስጥ እየነከረ ዙሪያውን ሰቅሏል፤ መለኪያሽ ስልሳ ካላለ ያወርድና እንደገና ይነክራል። ሳንቃዎቹ መሐል ላይ ተደርድረው ይተኛሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ቁጥሩ ሲወርድ ቶሎ እንዲነቃ ብሎ እሱም እዚያው ፍራሽ አንጥፏል። ሦስት ሳምንቱ ነው። ሲያስል ግድግዳው ያስተጋባል። «ሰውዬ፣ የምታረጥበው እንጨቱን ነው ወይስ ራስህን?» ብለው «ሁለታችንም እየለመድነው ነው» አለኝ። የኮቱ ኪስ ሻግቷል።

ያንን ቱቦ በየቀኑ ከመሳቢያ ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣበቀበትና ውሃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ ጨመረው። በእኔ ድስት። ከሰዓት በኋላ አውጥቶ በመዶሻ መታው። እንጨቱ ተሰነጠቀ፤ ሙጫው አልለቀቀም። ከዚያ ሁለቱንም ቱቦ ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

የበር ሠሪውን ነገር አልሰማችም ብሎ ያስባል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ራሱ እስኪነግረኝ ነው የምጠብቀው።

ልጄ፣ ጊታሩ ይቅር አላልኩም። ሰው ሲያደርገው ነው የማየው፤ ጠዋት የሚነሣበት ነገር አግኝቷል፣ ለዚህ አንቺን አመሰግንሻለሁ። ፍራሹን ግን ከዚያ እንዲያወጣ በይልኝ። አንቺን ይሰማል።

እትዬሽ


ግንቦት 22

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

አንሶላ የምትቆጥር አንዲት ሴት ጽፋልኛለች። ማን እንደሆነች አይጠይቁኝ።

በእርስዎ ሳምባ የተሠራ ጊታር እዚህ ቢመጣ አልሰቅለውም። ይህን ስል ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። ርዕሰ መምህሩ ውላቸውን ሊያፈርሱ ይችላሉ፣ ባልዲውም ይምጣ፤ እኔ ባልዲ ማስተማር እችላለሁ። በአሥራ አንድ ዓመቴ የሰጡኝን ጊታር ውለታ ሳልመልስ እርስዎን ማሳመም ግን አልችልም።

የሳንቃውን ማደሪያ ሌላ ቦታ ይፈልጉለት። በዚያ ሁሉ ከተማ ውስጥ አንድ እርጥብ ክፍል አይጠፋም።

ጩኸቴ


ሰኔ 30

ለልጄ ለጩኸቴ፤

ምስጋና ለፈጣሪ፣ ሳሉ ለቆኛል። አንሶላ ቆጣሪዋንም አውቄያታለሁ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብላ ያነበበችልኝ እሷው ናት። «በዚያ ሁሉ ከተማ ውስጥ አንድ እርጥብ ክፍል አይጠፋም» የምትዪው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ስም ጠራን። ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሸሚዞቼን ለስንት ዓመት ስወስድበት ኖሬ፣ በሩን ስከፍት መነጽሬ በእንፋሎት እየተሸፈነ፣ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።

ባለቤቲቱ የእትዬሽ ጓደኛ ናት። ከውሃ ማሞቂያውና ከማድረቂያው ገመድ መካከል ያለውን ጓዳ ሰጠችኝ። «ሸሚዝ በሙጫ ብትነካብኝ አንተን ነው የምተኩስህ» አለች። መለኪያውን አስቀመጥኩት፦ ጠዋት 59፣ ከሰዓት 62። ማንም ምንም ሳይነክር። እኔ ቀን ቀን እዚያ እሠራለሁ፣ ማታ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ።

ለምን 84 አላደረጉትም ትይኝ ይሆናል። በዚያ ቁጥር ብሠራት፣ አንድ ደረቅ ወር ሲመጣባት ትሰነጠቃለች። የተነፋ ሆድ ይመለሳል፤ የተሰነጠቀ ግን የተሰነጠቀ ነው። ስለዚህ ከእናንተ አየር ዝቅ ብዬ፣ ከእኛ ከፍ ብዬ መሐል ላይ ቆምኩ። የውስጥ ድጋፎቹንና ብሪጁን በቱቦው ሙጫ አጣበቅኳቸው። ውስጧንም በስሱ ቫርኒሽ ቀባሁ፤ ጊታር ውስጡን ቀብቼ አላውቅም፣ ሰው ኮቱን ገልብጦ ሲተኩስ ያየሁት እዚያው ነው።

ልብስ ተኳሾቹ ሥራ አላስፈቱኝም፣ ወሬ ግን አላጡም። አንዷ «ሙጫው፣ ይቺ ልጅ ወገቧ ቀጭን ነው፣ ምን ታበላታለህ?» ትለኛለች። ሌላዋ ካውያዋን አንሥታ «አንዴ ልለፍባት፣ ሆዷ ይተኛል» ትላለች። አንድ ቀን ሳንቃውን በጣቴ እያንኳኳሁ ውፍረቱን መስማት ነበረብኝ፤ በካውያው ጩኸት ምንም አልሰማ አለኝ። ሳልጠይቃቸው ሁሉንም አቆሙት። አሥር ደቂቃ ሙሉ ዘጠኝ ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው አንድ ሰውዬ እንጨት ሲያንኳኳ አዳመጡ። አንዷ «አሁን ገባኝ» አለች። ምን እንደገባት አልጠየቅኳትም። በሥራዬ ዘመን ለሥራዬ እንዲህ ዝም ያለልኝ ሰው አላስታውስም።

ጊታሯ ዛሬ ተልካለች። ከእሷ ጋር በፖስታ ሌላ አጥንት አለ፤ አሁን ካለባት ዝቅ ያለ ነው። ዝናብ ሲበረታ እሱን አድርጊላት፣ በጋ ሲሆን የመጀመሪያዋን መልሺላት። በእናንተ አገር ጊታርም ሁለት ጫማ ያስፈልጋታል።

አብራት የላክኋት ትንሿ መላጊያ ለጀልባው አናጺ ናት። ተቀይሜው እንደነበር ንገሪው፤ እንዳለፈልኝም ንገሪው። አመሰግናለሁ በይልኝ።

የበር ሠሪውንም ነገር ለእትዬሽ ነገርኳት። ከእኔ በፊት ታውቅ ኖሯል። «ታዲያ ምን አልሽ?» ብላት «የአንተ እጅ ነው፣ አንተ ወስን፤ እኔ ጓዳዬን ብቻ መልስልኝ» አለችኝ። ሰውየውን ዝናቡ እዚያ እስኪወጣ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። የማንን ዝናብ እንደሚጠብቅ አልገባውም።

ጋሼሽ


መስከረም 3

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

እንኳን ሳሉ ለቀቀዎት። ለእትዬና ለዘጠኙ ሴቶች ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ጊታሯ በሰላም ደርሳ ሐምሌ 18፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ተሰቀለች። ድምጿን እንዴት ልንገርዎት፤ ነርሷ አንድ ጊዜ መታ አደረገቻትና ተራዋን ለሰው አልለቅም አለች። ክሬን ነጂው ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ሰምተው ሄዱ። ከሰዓት ግን ብሪጁ ከጠረጴዛቸው ላይ ተነሥቶ ነበር።

ዝናቡ ዘንድሮ አጥብቋል። ያለፈው ሳምንት ቁጥር ጠዋት 93፣ 94፣ 92፣ 94 ነው። የክሩ ከፍታ ስትሰቀል 2.4 ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ 2.8፣ በነሐሴ መጨረሻ 3.1፣ ዛሬ ጠዋት 3.3። ብሪጁ አልተነቃነቀም፤ በሥሩ ቀጭን ወረቀት ለማስገባት ሞከርኩ፣ አልገባም።

ስለ ዝቅተኛው አጥንት እውነቱን ልንገርዎት። እሱን ባደርግላት ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል፤ ማንም አያውቅም። ሄጄ ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኳቸው። «በመጣችበት አጥንት ትለካ» አሉ። ስለዚህ ፖስታው እንደታሸገ ነው። ባልጠይቃቸው ኖሮ ይሻል ነበር ብለው ይቆጡኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ በጊታር ጉዳይ ዋሽቻለሁ፣ ይበቃኛል።

የጀልባው አናጺ መላጊያዋን ተቀብሎ ስለቷን በአውራ ጣቱ ፈተነ። «ይህ ሰው እንጨት ያውቃል» አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራው ቀና ብሎ አየኝ።

ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ይወጣል ተብሏል። የምትለካበት ቀን ጥቅምት 6 ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኖ ተቆርጧል።

ልጅዎ
ጩኸቴ


መስከረም 19

ለልጄ ለጩኸቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። የላክሽው ቁጥር ትናንት ደረሰኝ፤ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሴቶቹ ሲያልፉ ያነቡታል። «የቀራት ሁለት ነጥብ ነው» ይባባላሉ፤ ሚሊሜትር ምን እንደሆነ ካወቁ ወር አልሞላቸውም።

ፖስታውን ስላልከፈትሽው አልቆጣሽም። እኔ ብሆን እከፍተው ነበር፤ ከዚያም አሥራ አራት ጊታር በሠራሁ ቁጥር አሥራ አራት ጊዜ አስታውሰው ነበር። ከዚህ አድነሽኛል።

ብታልፍ ደስታዬን ታውቂዋለሽ። ብትወድቅም ይህን ያህል አውቄያለሁ፦ በስልሳ ምትክ ስልሳ አምስት ላይ መጀመር ነበረብኝ። ይህን በሰባ ዓመቴ አፋፍ ላይ መማሬ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያስተማራችሁኝ አንቺ፣ አንድ ያላየሁት የጀልባ ሰውና ዘጠኝ ተኳሾች ናችሁ። ሁላችሁንም ፈጣሪ ይባርክልኝ።

ሰኞ ከለኩ በኋላ ደብዳቤ አትጠብቂ፤ ደውዪ። እትዬሽ ታነሣለች፣ ቁጥሩንም እሷ ትጽፈዋለች፤ የእኔ ጆሮና የእኔ ልብ ያን ቀን አይታመኑም።

በር ሠሪው ዛሬ ጠዋት መጥቶ ወርክሾፑን በሜትር ለካ። ማሽኖቹን የት እንደሚያቆምም በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰመረ። «ቁልፉን መቼ ልውሰድ?» አለኝ። ማክሰኞ ጥቅምት 7 ጠዋት ና፣ ያኔ መልሴን ትሰማለህ ብዬዋለሁ።

ጋሼሽ